የሚሸተው እንፋሎትና የማይሸተው ጨው ውሃ



አፍንጫ ሲታፈን ቤታችን ውስጥ የሚደረገውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ድስት ይጣዳል፣ የባሕር ዛፍ ቅጠል ይጨመርበታል፣ በሽተኛው ጋቢ ተከናንቦ ይታጠናል። ዳማከሴ በእጅ ታሽቶ ይሸተታል፤ ዝንጅብልና ማር ያለበት ትኩስ ሻይ ይከተላል። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ «ተከፈተልኝ» ይባላል። የዛሬው ንግግሬ በዚህች አንዲት ቃል ላይ ያተኩራል። አፍንጫ የተከፈተ መስሎ መሰማቱና በእርግጥ መከፈቱ ሁለት ነገር ነው። እኛ ደግሞ የቤት መድኃኒታችንን ስንመርጥ የኖርነው በመጀመሪያው ብቻ ነው ብዬ አምናለሁ።

አፍንጫ ሲታፈን የምንወቅሰው ሳይነስ የበሽታ ስም አይደለም። «ኩላሊት አለብኝ» እንደምንለው «ሳይነስ አለብኝ» ማለትን ለመድን እንጂ፣ ሳይነስ በግንባር፣ በጉንጭ፣ በዓይኖች መካከልና ከአፍንጫ ኋላ ባሉት አጥንቶች ውስጥ ያሉ አራት ጥንድ ባዶ ክፍሎች መጠሪያ ነው። የክፍሎቹ ግድግዳ በስስ እርጥብ ሽፋን የተለበጠ ነው፤ ሽፋኑ ንፍጥ ያመነጫል፤ በላዩ ያሉት ጥቃቅን ፀጉሮች ደግሞ ንፍጡን እየጠረጉ በጠባብ ቀዳዳ ወደ አፍንጫ ያስወጣሉ። የጉንጩ ክፍል ቀዳዳ ያለው ከወለሉ ሳይሆን ከፍ ብሎ ነው፤ ስለዚህ ቆመን ስንሄድ ንፍጡ ሽቅብ መውጣት አለበት። ጉንፋን ሲይዘን በሽፋኑ ያሉት የደም ሥሮች ይሞላሉ፣ ሽፋኑ ያብጣል፣ ቀዳዳው ይዘጋል። መታፈኑን በዋናነት የሚያመጣው ይህ እብጠት ነው። ሰው ደጋግሞ ተናፍጦ ምንም የማይወጣለትና የማይቀለውም ለዚህ ነው።

እንግዲህ መታጠን ይህን እብጠት ያጎድላል ወይ? የካርዲፍ ዩኒቨርሲቲው ሮናልድ ኤክልስ በ1980ዎቹ (እ.ኤ.አ.) የናና ሽታ ያለውን ሜንቶልን የመረመሩት በዚሁ ጥያቄ ነበር። ሜንቶል ያሸተቱ ሰዎች አየር እንደልብ እንደገባላቸው ተናገሩ፤ በመሣሪያ ሲለካ ግን የአፍንጫቸው መተላለፊያ ከበፊቱ አልሰፋም። ሜንቶል የሚያነቃው ቅዝቃዜን የሚያውቀውን ነርቭ ነው፤ አእምሯችንም ቅዝቃዜውን የአየር ፍሰት አድርጎ ይተረጉመዋል። በ2008 የወጣ ሌላ የካርዲፍ ጥናት ትኩስ የፍራፍሬ መጠጥም ተመሳሳይ ጠባይ እንዳለው አሳየ፤ ጠጪዎቹ ቀለላቸው፣ የአየር ፍሰታቸው ግን አልተለወጠም። ከሁሉ የሚበልጥብኝ በእንግሊዝ 871 ሕሙማንን አሳትፎ በ2016 የታተመው ጥናት ነው። ሳይነሳቸው እየተመላለሰ የሚያስቸግራቸው እነዚህ ሰዎች በዕጣ ተመድበው ከፊሎቹ እንዲታጠኑ፣ ከፊሎቹ አፍንጫቸውን በጨው ውሃ እንዲያጥቡ ተመከሩ። እንፋሎቱ ራስ ምታትን ከመቀነስ በቀር የረባ ለውጥ አላመጣም። የጨው ውሃው ጥቅም መጠነኛ ቢሆንም ከስድስት ወር በኋላም ይታይ ነበር። ሽታ የለውም፣ ጣዕሙ አያስደስት፣ ለእንግዳ ሲያወሩት አያምር፤ ግን ንፍጡንና የሚያስቆጣውን ብናኝ ያጥባል።

ያ ስለ ተራ የውሃ እንፋሎት ነው እንጂ ስለ ባሕር ዛፍ አይደለም፣ አባቶቻችን ያወረሱንን ፈረንጅ ለክቶ ሊሽረው አይችልም የሚል ይኖራል። ጥናቱ ባሕር ዛፍን እንዳልመዘነ እቀበላለሁ፤ ስለ ውርሱ ከሆነ ግን የዛፉ ስም ራሱ ይመሰክራል። ከባሕር ማዶ የመጣው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ማብቂያ፣ በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ነው። የመጣውን ቅጠል ሞክረው ወደ ድስታቸው የጨመሩት ሰዎች አዲስ ነገር አይፈሩም ነበር። አፍንጫን በውሃ ማጠብም ቢሆን ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ሙስሊም ወገኖቻችን ለውዱእ ውሃ ወደ አፍንጫቸው ስበው ያወጣሉ።

ጠንከር ያለው ተቃውሞ ሌላ ነው፦ የቀለለው መስሎት እንቅልፍ የወሰደው ሰው ምን ጎደለበት? ምንም አልጎደለበትም፤ ለዚያች ሌሊት እኔም እሺ እላለሁ። ክኒኑም ቢሆን ሁልጊዜ አይበልጥም፤ በብዙ የጉንፋን ክኒኖች ውስጥ ያለው ፊኒሌፍሪን በአፍ ሲወሰድ አፍንጫ እንደማይከፍት የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን አማካሪዎች በ2023 በአንድ ድምፅ ወስነዋል። ነገር ግን መታጠን ዋጋ አለው። አንደኛው የፈላ ውሃ ነው፤ በጋቢ ተሸፍኖ ጉልበት ላይ የተቀመጠ ድስት ሲገለበጥ የሚያደርሰው ቃጠሎ ከየትኛውም ጉንፋን ይከፋል፤ ሕፃን ደግሞ ጨርሶ መታጠን የለበትም። ሁለተኛው የተሳሳተ ስም ነው። በ2004 በአሜሪካ የታተመ ጥናት «የሳይነስ ራስ ምታት» አለብን ያሉ 2,991 ሰዎችን ሲመረምር 88 በመቶዎቹ የማይግሬን ዓይነት ራስ ምታት ምልክት ነበራቸው። እንፋሎት ራስ ምታትን ያስታግሳል ካልን፣ ሰውየው በየወሩ እየታጠነ «ሳይነሴ ተሻለው» እያለ ማይግሬኑን ሳያውቅ ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል።

የጨው ውሃውም ቢሆን ያለ ጥንቃቄ አይሆንም። መጠኑ ለአንድ ሊትር 9 ግራም፣ ማለትም ልሙጥ አንድ ተኩል የሻይ ማንኪያ ያህል ጨው ነው፤ ከዚህ ቢያንስም ቢበዛም ያቃጥላል። አጎንብሶ፣ ጭንቅላትን ወደ ጎን ዘንበል አድርጎ፣ በአፍ እየተነፈሱ መርፌ በሌለው ንጹሕ ሲሪንጅ በላይኛው ቀዳዳ ቀስ ብሎ ማፍሰስ ነው። ዋናው ነገር ውሃው ነው። በ2011 በአሜሪካ ሉዊዚያና ሁለት ሰዎች ያልፈላ የቧንቧ ውሃ ተጠቅመው አፍንጫቸውን በማጠባቸው፣ በአፍንጫ በኩል አንጎል የሚገባ አሜባ ገድሏቸዋል። ጉዳቱ እጅግ ብርቅ ነው፤ መከላከያውም ውሃውን ማፍላት ነው። እዚህ ላይ የአገራችን ከፍታ ይገባበታል፦ ውሃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ሲፈላ አዲስ አበባ ላይ 92 ገደማ ላይ ይንተከተካል፤ ስለዚህ ቆላ ላይ አንድ ደቂቃ የሚበቃው እዚህ ሦስት ደቂቃ መፍላት አለበት፤ ከዚያ ተከድኖ ለብ እስኪል ይቀዝቅዝ።

በመጨረሻ፣ ይህ ሁሉ ለምን ያስፈልጋል፣ አሞክሳሲሊን ገዝቶ መዋጥ እያለ የሚሉ አሉ። አብዛኛው የሳይነስ መቆጣት ቫይረስ ያመጣው ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም፤ በራሱ ጊዜ ይለቃል። አሥር ቀን ሞልቶት ያልተሻለው ወይም ተሽሎት ተመልሶ የባሰበት ሰው ሐኪም ይየው፤ የሚዋጥ ካለም ያኔ ይታዘዝለታል። የዓይኑ ዙሪያ ያበጠ፣ አንዱ ነገር ሁለት ሆኖ የሚታየው ወይም አንገቱን ማጠፍ ያቃተው ግን አሥር ቀን አይቁጠር፤ ጨው ውሃም አይበጥብጥ፤ የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ይሂድ።