ጣሪያ ላይ የወረወርነው ጥርስ

የዛሬ ተመራቂ ነርሶችና ሚድዋይፎች፤ የሸዋ ሮቢት ፀሐይ ጋዋን ለለበሰ ሰው ምን እንደሆነች ስለማውቅ አላረዝምም። የጥርስ ሐኪም ነኝ፤ ሌላ ያውሩ ቢሉኝም አልችልበትም።

ሥራ በጀመርኩበት ዓመት ከቀወት ገጠር አንድ የሽንኩርት ገበሬ መጡ። በእጃቸው ቀዝቃዛ ውሃ የሞላ ሃይላንድ ይዘዋል። ተራቸውን ሲጠብቁ በየደቂቃው ጎንጨት ይሉና ውሃውን በግራ ጉንጫቸው ያቆዩታል። አፋቸው ውስጥ ለብ ሲል ፊታቸው ይጨማደዳል፤ ይውጡትና እንደገና ይጎነጫሉ። ቆላ ነውና የጠማቸው መስሎኝ አለፍኳቸው። ለካ ውሃው ማስታገሻቸው ኖሯል! ሦስት ሌሊት እንቅልፍ አላዩም። የተቦረቦረው መንጋጋቸው ውስጥ ቅርንፉድ ወትፈውበታል፤ አሞክሳሲሊንም ገዝተው ጨርሰዋል።

አሞክሳሲሊኑ ለምን አልሠራላቸውም? እግራችሁ ወለም ሲል ያብጣል፤ ቆዳ ይለጠጣላ። የጥርስ ነርቭና ደም ሥር ግን የተቀመጡት ግድግዳው በማይለጠጥ ክፍል ውስጥ ነው። መግቢያና መውጫቸው ከሥሩ ጫፍ ያለች፣ የመርፌ ቀዳዳ የምታህል ክፍተት ናት። ነርቩ ሲቆጣ የሚያብጥበት ቦታ ስለሌለው ራሱን በራሱ ይጨምቃል፤ ይህን ደግሞ አሞክሳሲሊን አያላላውም። ሰው ጋደም ሲል ወደ ራሱ የሚወርደው ደም ይበረታል፤ ጥርስ በሌሊት የሚብሰው ለዚህ ነው።

እንግዲህ ጤና ጣቢያ ስትገቡ፣ አሞክሳሲሊን ከመጻፋችሁ በፊት ሁለት ነገር ጠይቁልኝ። ቀዝቃዛ ነገር የቀሰቀሰው ሕመም፣ ቀዝቃዛው ሲነሳ ወዲያው ይጠፋል ወይስ ይቆያል? ሌሊት ከእንቅልፍ ይቀሰቅሳል ወይ? ወዲያው የሚጠፋ ከሆነ ነርቩ ገና ሊድን ይችላል፤ ቀዳዳው ተጠርጎ ቢሞላ ይበቃዋል። የሚቆይና የሚቀሰቅስ ከሆነ ግን ምርጫው የሥር ሕክምና ወይም መንቀል ነው። እብጠትና ትኩሳት ለሌለበት የነርቭ ሕመም አንቲባዮቲክ አይፈይድም። እኔን ይበልጥ የሚያስፈራኝ ደግሞ ሲጮህ ከርሞ «ተሻለኝ» የሚል ሕመምተኛ ነው። ያለ ሕክምና ድንገት ዝም ያለ ጥርስ ብዙ ጊዜ ነርቩ ሞቷል፤ ኢንፌክሽኑም ወደ አጥንቱ እየወረደ ነው። ከአገጩ ሥር ግራና ቀኝ አብጦ ምራቁን መዋጥ ያቃተው ሰው ቢመጣ እንዳታሳድሩት፤ መተንፈሻው ሊዘጋ ይችላል። በዚያው ሌሊት በደብረ ሲና፣ በጣርማ በር አሻግራችሁ ደብረ ብርሃን አድርሱት።

የገበሬውን ጥርስ ነቀልኩላቸው። የሥር ሕክምና መሥሪያ አልነበረንም፤ እስከዛሬ ይቆጨኛል። ጥርሱን በሶፍት ጠቅልለው ኪሳቸው ከተቱት። «ምን ያደርግልዎታል?» ስላቸው፣ «ትንሿ ልጄ የሷ ሲወልቅ አብራ ጣሪያ ላይ ትወርውረው» አሉኝ።

የወተት ጥርሳችንን ሁላችንም ወርውረናል። ሳይወረውር ቆም ብሎ ያየው ሰው ሶንግታኦ ሺ ይባላል፤ በአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋማት ይሠራ የነበረ የሕፃናት ጥርስ ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 እሱና ስታን ግሮንቶስ ከባልደረቦቻቸው ጋር፣ ከአዋቂዎች የመጨረሻ መንጋጋ ነርቭ ውስጥ ስቴም ሴል ማግኘታቸውን አሳውቀው ነበር፤ ገና ሥራው ያልተወሰነ፣ እንደ ገባበት ቦታ የጥርስ አካልም ሌላም ሊሆን የሚችል ሴል ማለት ነው። በኋላ ስድስት ዓመት ገደማ የሆናት የገዛ ልጁ የወተት ጥርስ ሲወልቅ፣ ውስጡ ቀይ ሥጋ ተጣብቆ አየ። እ.ኤ.አ. በ2003 እሱና ባልደረቦቹ ውጤቱን አወጡ፤ ከአንዲት የወለቀች የፊት ጥርስ ከ12 እስከ 20 የሚሆኑ ሊባዙ የሚችሉ ሴሎች። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ አንዱ ግን ብዙ ይወልዳል።

ይህን ሳነብ ደስታዬ ሙሉ አልነበረም። በእኛ አገር ሕፃን ሲያስቀምጠውና ሲያተኩሰው ድዱ ላይ ነጭ ነገር ታየ ይባልና፣ ገና ያልበቀለ የወተት ጥርሱ በስለት ተፈልፍሎ ይወጣል። ትል ነው ይላሉ። ትል ሳይሆን ለጋ ጥርስ ነው። ሕፃኑ ይደማል፣ በስለቱ ቴታነስም ኤችአይቪም ሊገባበት ይችላል፣ ከሥር የተኛው ቋሚ ጥርስም ሊበላሽ ይችላል። ተቅማጡ ግን እንዳለ ነው፤ የሚያስፈልገው ኦአርኤስ ነበር። እናቲቱ ክፉ አይደለችም፣ ልጇ እንዳይሞትባት ብላ ነው፤ ስለዚህ አትቆጧት፣ ኦአርኤሱን እጇ ላይ አድርጉላት።

ያ ስቴም ሴል የት እንደደረሰ እንድታዩ፣ አሁን ወደ ቻይና ልውሰዳችሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ የዢያን ከተማ ሐኪሞች ጥናት፣ በአደጋ የፊት ጥርሳቸው ነርቭ የሞተባቸውን 40 ልጆች መረጠ። የጥርሳቸው ሥር ገና አድጎ አላበቃም ነበር፤ ነርቩ ሲሞት እድገቱም ይቆማል፣ ጥርሱ እንደ ቀጭን ሸክላ ሊሰበር ይችላል። ለ30ዎቹ ከራሳቸው የወተት ጥርስ የተራባ ሴል ተደረገላቸው። ከዓመት በኋላ ሲመረመሩ የጥርሱ ሥር ረዝሞ፣ ስሜት የሌለው ጥርስ ስሜት አግኝቷል። ይህ ገና ጥናት ነው። «ጥርስዎን በስቴም ሴል እናበቅላለን» የሚል ማስታወቂያ ካያችሁ ኪሳችሁን ያዙ። እኔ ብጠየቅ ለእኛ ለይፋት ቆላ ስቴም ሴሉን ሳይሆን መጀመሪያ የጥርስ ራጅና ቀዳዳ የሚሞላ ባለሙያ ነበር የምመርጠው።

ወድቀው ጥርሳቸው የሚጎዳ ልጆች ግን እዚህም አሉ። የማንጎ ዛፍ ባለበት አገር የፊት ጥርስ ይወልቃል። ቋሚው ጥርስ ሙሉ በሙሉ ወልቆ ቢመጣላችሁ ሥሩን አትንኩት፣ አትፈትጉት። ነጩን ጫፍ ያዙና ከቆሸሸ ለአፍታ ውሃ አሳልፉበት፤ ከቻላችሁ ወዲያው ቦታው መልሱት። የወተት ጥርስ ከሆነ አይመለስም፤ ቋሚውን ይጎዳል። መመለስ ካቃታችሁ ሥሩ ላይ ያሉት ሴሎች እንዳይደርቁ ወተት ውስጥ ከታችሁ ላኩት፤ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ሐኪም ዘንድ ቢደርስ የመትረፍ ዕድል አለው። ወተቱን ከጎረቤትም ቢሆን ለምኑ፤ ይፋት ወተት አያጣም።