ዮሐንስ መደብርና የፈርዖኖቹ አገር

 

ግብፅ ስትነሣ በእኛ ዘንድ ሁለት ወሬ ይቀድማል። አንዱ የዓባይ ሙግት ነው፤ ሁለተኛው «ፈርዖኖቹኮ የእኛው ዘሮች ነበሩ» የሚለው ኩራት ነው። ሙግቱን ለባለሙያዎቹ ልተወው። ስለ ኩራቱ ግን የምለው አለኝ። ጥንታዊት ግብፅ ከእኛ ደጋ ጋር የምትገናኘው በሦስት ነገር ነው፤ በአፈር፣ በዕጣንና በመጽሐፍ። አፈሩ በራሱ ሄደ፤ ዕጣኑን ፈልገው ወሰዱት። በሥራችን ልንኮራበት የሚገባን መጽሐፉ ነው። ዘመኑን የምጠራው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ከአፈሩ እንጀምር። ግብፅ ዝናብ የላትም ማለት ይቻላል። የእኛ ክረምት ሲበረታ ግን ውሃው ቁልቁል ወርዶ በነሐሴና በመስከረም ማሳዋን ያጥለቀልቅ ነበር። ሙላቱ ሲሸሽ ጥቁር ደለል ትቶ ይሄዳል፤ ገበሬው ስንዴውን፣ ገብሱንና ተልባውን የሚዘራው በዚያ ላይ ነው። ደለሉ በአብዛኛው የኢትዮጵያ ደጋ አፈር ነበር። እዚህ ላይ ግን ያልሆነውን ሆነ አንበል፤ የጉማራ ወንዝ ከእኛዋ ማክሰኝት ዙሪያ ጠርጎ የሚወስደው አፈር ጣና ሲገባ አብዛኛው እዚያው ይረጋል። ግብፅ ይደርስ የነበረው ዓባይ ከጣና ከወጣ በኋላ ከጎጃም፣ ከደቡብ ጎንደርና ከወሎ ሸለቆዎች የሚያግዘው፣ በተከዜና በጓንግ በኩልም ከሰሜንና ከጭልጋ በኩል የሚወርደው ነው።

የግብፅ መንግሥት የቆመው በዚህ ሙላት ላይ ነው። ፓሌርሞ ድንጋይ የሚባለው ጥንታዊ ጽሑፍ የየንጉሡን ዘመን ሲዘረዝር፣ ከየዓመቱ ሥር ውሃው ስንት ክንድ እንደሞላ ያሰፍራል። ሙላቱን የለካ፣ የምርቱን ልክ አስቀድሞ ያውቃል፤ ምርቱን ያወቀ፣ ግብሩን ይጥላል። ግብር ባለበት ደግሞ ጸሐፊ፣ ጎተራና ሠራዊት አለ። ናርመር ላይኛውንና ታችኛውን ግብፅ ወደ አንድ ያመጣው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3100 ገደማ ነው። አምስት መቶ ዓመት ያህል ቆይቶ ንጉሥ ጆሰር በሳቃራ የመጀመሪያውን ባለ እርከን ፒራሚድ አሠራ፤ የሥራው መሪ ኢምሆቴፕ ነበር። ከዚያም ኩፉ በጊዛ 146 ሜትር የሚደርሰውን ታላቁን ፒራሚድ አቆመ።

ይህን ሁሉ ድንጋይ ማን አጓጓዘው? በ2013 በቀይ ባሕር ዳርቻ፣ ዋዲ አል-ጃርፍ በሚባል ቦታ፣ ጽሑፍ ያለባቸው እጅግ ጥንታዊ ፓፒረሶች ተገኙ። ከመካከላቸው አንዱ መረር የሚባል የሥራ አለቃ የዕለት መዝገብ ነው። መረር ቡድኑን ይዞ ከቱራ ካባ ነጭ የኖራ ድንጋይ በጀልባ ይጭናል፤ በናይልና በቦይ አድርጎ ጊዛ ያራግፋል፤ ባዶ ጀልባውን ይዞ ይመለሳል። የት እንዳደረም ይጽፋል። ጊዛ አጠገብ ደግሞ የሠራተኞቹ ዳቦ መጋገሪያና መቃብር ተቆፍሮ ወጥቷል። ፒራሚዱን የሠሩት ቀለብ የሚሰፈርላቸው፣ በፈረቃ የሚገቡ የአገሬው ሰዎች እንጂ በሰንሰለት የታሰሩ ባሮች አልነበሩም።

ያ መንግሥት ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2200 ገደማ ተዳከመ። ለዚህም የሹማምንት መገዳደርና የዓባይ ሙላት ለዓመታት መቅለል በምክንያትነት ይነሣሉ።

ሁለተኛው ዕጣን ነው። በግብፅ ቤተ መቅደስ ያለ ዕጣን አይመለክም፤ ዕጣኑ ግን ከአገሩ አይበቅልም። ስለዚህ ነገሥታቱ ፑንት ወደሚሉት አገር መርከብ ይልኩ ነበር። በንጉሥ ሳሁሬ ዘመን ከፑንት 80,000 መስፈሪያ ከርቤ መግባቱን ያው የፓሌርሞ ድንጋይ መዝግቧል። ከሁሉ የሚታወቀው ግን የንግሥት ሐትሸፕሱት ዘመቻ ነው። ሐትሸፕሱት ከ1479 እስከ 1458 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ እንደ ወንድ ንጉሥ የነገሠች ሴት ናት። ዴር አል-ባሕሪ ባለው መቅደሷ ግድግዳ ላይ አምስት መርከቦች፣ በእንጨት ካስማ ላይ የቆሙና በመሰላል የሚወጣባቸው ቤቶች፣ የፑንት ገዥ ፓራሁና ሚስቱ አቲ ተቀርጸዋል። ግብፃውያኑ ሥሩ በቅርጫት የተያዘ ሕያው የዕጣን ዛፍ ተሸክመው ወደ መርከቡ ሲወጡ ይታያል፤ ዝንጀሮም ጭነዋል።

ፑንት የት ነው? በግብፅ ሬሳቸው ደርቆ የተገኙ ዝንጀሮዎች ተመርምረው መነሻቸው የዛሬዎቹ ኤርትራ፣ ኢትዮጵያና ሶማሊያ አካባቢ እንደሆነ ተጠቁሟል። አካባቢው የእኛ ቀጠና ነው፤ ወሰኑን ግን ማንም አልቸከለም።

በዘር የሚነሣው ኩራት ብዙ ጊዜ የሚያርፈው በሃያ አምስተኛው ሥርወ መንግሥት ላይ ነው። የኩሹ ንጉሥ ፒዬ በ727 ከክርስቶስ ልደት በፊት ገደማ ግብፅን በጦር ያዘ። ከተተኪዎቹ አንዱ ታሃርቃ ሲሆን፣ በመጽሐፈ ነገሥት የኢትዮጵያ ንጉሥ ተብሎ የተጠቀሰው ቲርሐቅ እሱ ነው። የእነዚህ ነገሥታት መናገሻ ግን ናፓታ ነበረች፤ ናፓታ ደግሞ በዛሬዋ ሱዳን ናት። የጎረቤትን አባት «አባቴ» ማለት ክብር አይጨምርም።

ከዚያ ወዲያ የውጭ እጅ በረታ። በ525 የፋርሱ ካምቢሰስ፣ በ332 እስክንድር ገቡ፤ በ30 ከክርስቶስ ልደት በፊት ክሌዎፓትራ ስትሞት ግብፅ የሮም ግዛት ሆነች። ሕዝቡ ክርስትናን ሲቀበል የጥንቱን የሥዕል ፊደል የሚጽፍ ጠፋ፤ ዘመኑ የታወቀው የመጨረሻ ጽሑፍ ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ394 በፊላ ደሴት የተቀረጸ ነው። ከዚያ በኋላ ለ1,400 ዓመት ያህል የሚያነበው አልተገኘም። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1769 ሉክሶር አጠገብ ከአንድ የነገሥታት መቃብር ገብቶ የበገና ደርዳሪዎችን ሥዕል ገለበጠ፤ በዓመቱ ጎንደር ቤተ መንግሥት ደረሰ። መቃብሩ የሦስተኛው ራምሴስ ነበር። ግድግዳው ስሙን ቢናገርም ማንበብ የሚችል ሰው በዓለም ላይ አልነበረም፤ ፈረንሳዊው ሊቅ ሻምፖሊዮን ፊደሉን የፈታው በ1822 ነው።

ወደ ሦስተኛው፣ ወደ መጽሐፉ ደረስን። ያን ጊዜ ግን ስለ ግብፅ ታሪክ የሚናገር ሌላ መጽሐፍ በእኛ አገር ብራና ላይ ተቀምጦ ነበር። ጸሐፊው በግብፅ የኒቂዩስ ጳጳስ የነበረው ዮሐንስ ነው፤ ሊቃውንቱ ዮሐንስ መደብር ይሉታል። በሰባተኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ከአዳም ጀምሮ እስከ ራሱ ዘመን ጻፈ። ይሳሳታል፤ ካምቢሰስን ከናቡከደነፆር ጋር ያደባልቀዋል። ሮማውያን የሰደቧትን ክሌዎፓትራን ግን ብልህና ታላቅ ብሎ ያመሰግናታል። የዓረቦች ጦር መሪ ዓምር ኢብን አል-ዓስ በ639 ግብፅ ሲገባ የትኛው ከተማ እንደ ተዋጋ፣ የትኛው እጁን እንደ ሰጠ፣ ማን ከማን ጋር እንደ ተጣላ በዝርዝር የሚናገረውም እሱ ነው።

የመጀመሪያው ጽሑፍ ጠፋ። ወደ ዓረብኛ የተመለሰውም ጠፋ። በ1602፣ ንጉሥ ያዕቆብ ገና ልጅ ሳሉ፣ በራስ አትናቴዎስና በእቴጌ ማርያም ሥና ትእዛዝ ገብርኤል የሚባል ግብፃዊ መነኩሴ ከዓረብኛ ወደ ግእዝ መለሰው። ጎንደር እስክትቆረቆር ገና 34 ዓመት ይቀር ነበር። ዛሬ መጽሐፉ በዓለም ላይ ያለው በግእዝ ብቻ ነው። ከግልባጮቹ አንዱ በ1868 ከመቅደላ ተዘርፎ ለንደን ገባ። ምሁሩ ዞተንበርግ በ1883 በፓሪስ ሲያሳትመው የግብፅ ታሪክ ጸሐፊዎች ሥራቸውን እንደገና አዩ፤ የታሪክ ጸሐፊው በትለር በ1902 ስለ ዓረቦች ድል የጻፈው ትልቅ መጽሐፍ ብዙ የተደገፈው በዚህ ነው።

ግልባጮቹ ሙሉ አይደሉም፤ በሰባተኛው ምዕተ ዓመት ፋርሶች ግብፅን የያዙበትን ጊዜ ጨምሮ የ30 ዓመት ያህል ታሪክ ጎድሏል። የጎደለው ከአንድ ዕቃ ቤት፣ ባልተገለጠ ብራና ውስጥ ይገኝ ይሆናል ብሎ ተስፋ ማድረግ ቅዠት አይደለም። ስለዚህ አደራዬ ግልጽ ነው። አባቶች፣ በየደብሩ ያሉትን መጻሕፍት ከዝናብ፣ ከምስጥና ከሌባ ጠብቁ፤ ሳይመዘገብ የሚወጣ አንድም አይኑር። መምህራን፣ ስለ ፒራሚድ በምታስተምሩበት ቀን ዮሐንስ መደብርንም አስተምሩ። ተማሪዎች፣ ግእዝ ተማሩ፤ ግብፃዊው ራሱ ይህን የአገሩን ታሪክ ከምንጩ ለማንበብ የሚያስፈልገው ያ ቋንቋ ነው።