ከኮል ፊልድ ሃውስ ጣሪያ ሥር



የዛሬው ወጋችን ስለ አንድ አሮጌ የቅርጫት ኳስ አዳራሽ ነው። ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ለምትኖሩ ስፍራው ሩቅ አይደለም። ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በዩኒቨርሲቲ ቡሌቫርድ ላንግሊ ፓርክን ያለፈ ሰው ብዙም ሳይነዳ ኮሌጅ ፓርክ ይደርሳል፤ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ እዚያ ነው። ግቢው ውስጥ ጣሪያው እንደ ደጋን የጎበጠ ትልቅ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። የዩኒቨርሲቲው የቅርጫት ኳስ ቡድን ከ1955 እስከ 2002 የተጫወተው እዚህ ሲሆን፣ ስሙም ኮል ፊልድ ሃውስ ይባል ነበር። ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጠራው።

የድሮ ደጋፊዎች ስለ ኮል ሲያወሩ ልብ የምለው ነገር አለ። ወሬያቸው በዋንጫ ወይም በውጤት አይጀምርም። «እኔ እዚያ ጋ ነበር የምቀመጠው» ብለው ይጀምራሉ። ረድፉን ይነግሯችኋል፤ አጠገባቸው ማን ይቀመጥ እንደነበር ይነግሯችኋል፤ ከማን ጋር ተቃቅፈው እንደጮኹ፣ የትኛው ምሽት ላይ ድምፃቸው ተዘግቶ በማግስቱ ክፍል ውስጥ መናገር እንዳቃታቸው ይነግሯችኋል። ውጤቱ በመጨረሻ ይመጣል፤ አንዳንዴም ተረስቷል።

ይህ ያለ ምክንያት አይደለም። የመጫወቻው ወለል ከግቢው መሬት ዝቅ ብሎ የተሠራ ነው። በበሩ የገባ ሰው ጥቂት እንደተራመደ መላው ሜዳ ቁልቁል ይታየው ነበር። ጣሪያው ያለ አንዳች ዓምድ ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ በመሆኑ የማንንም ዓይን የሚጋርድ ነገር አልነበረም። መጀመሪያ ለ12,000 ያህል ሰው የታሰበ ነበር፤ በኋላ 14,500 ሰው እንዲይዝ ተደረገ። ተማሪዎቹ ሜዳው ጠርዝ ድረስ ወርደው ይቀመጡ ነበር። የእንግዳው ቡድን ተጫዋች ከመስመር ውጭ ቆሞ ኳስ ሊያቀብል ሲል፣ ከጀርባው የሚጮህበትን ልጅ ዘወር ብሎ ቢያየው ፊት ለፊት ይገጣጠማሉ። ጨዋታው የክረምት ነውና ውጭው ብርድ ነው፤ ውስጡ ግን በሰው ብዛት ይግላል፤ ካፖርቱ ጉልበት ላይ ተጣጥፎ ይቀመጣል።

ትዕይንቱ ይጀምር የነበረው ኳሷ ሳትነሳ ነው። የእንግዳው ቡድን ተጫዋቾች ስም በድምፅ ማጉያ መጠራት ሲጀምር፣ የሜሪላንድ ተማሪዎች «ዳይመንድባክ» የተባለውን የዩኒቨርሲቲውን የተማሪዎች ጋዜጣ ይዘረጉና ፊታቸው ላይ ይደቅኑታል። አያነቡትም። «እናንተን የምናይበት ጊዜ የለንም» ማለታቸው ነው። የራሳቸው ልጆች ተራ ሲደርስ ያው ጋዜጣ ከራስ በላይ ይወጣና ይርገበገባል። በሺህ የሚቆጠር ወረቀት በአንድ ጊዜ ሲንኮሻኮሽ፣ ጭብጨባው ሲጨመርበት፣ ከዚያ የሙዚቃ ባንዱ ሲነሳ ምን እንደሚመስል እስቲ በጆሯችሁ አስቡት። የድሮ ተማሪዎች ይህን ሳያነሱ አያልፉም።

የኮልን ሙቀት ያመጣው ማን ነው ቢባል፣ ብዙዎቹ የሚጠሩት ስም ሌፍቲ ድሪዜል ነው። በ1969 አሰልጣኝ ሆኖ ሲመጣ የሜሪላንድ ቡድን ብዙም የሚወራለት አልነበረም። ድሪዜል ግን ሜሪላንድን የምሥራቁ ዩሲኤልኤ አደርጋታለሁ ብሎ በአደባባይ ተናገረ። በዚያ ዘመን ዩሲኤልኤ የሀገሪቱን ዋንጫ በየዓመቱ ይዞ የሚሄድ ቡድን ነው። ድሪዜል ሜሪላንድ ላይ ሆኖ ያንን ዋንጫ አላነሳም። አዳራሹን ግን ሞላው። ወደ ሜዳ ሲወጣ ባንዱ ለአሜሪካ ፕሬዝዳንት የሚመታውን የክብር ዜማ ያሰማለታል፤ እሱም ሁለት ጣቱን ለድል ምልክት ከፍ አድርጎ ሕዝቡን ሰላም ይላል። ዳኛ ሲያበሳጨው ወለሉን በእግሩ ይደበድበዋል፤ ደጋፊውም አብሮት ይደበድባል።

በዚያን ጊዜ ሕጉ ከኦክቶበር 15 በፊት ልምምድ አይፈቅድም ነበር። በ1971 ድሪዜል ቀኑ እስኪነጋ አልጠበቀም። ልክ እኩለ ሌሊት አልፎ 3 ደቂቃ ሲሆን ተጫዋቾቹን በስታዲየሙ መሮጫ ላይ አስሮጣቸው፤ መንገዱን የሚያበራው የመኪና መብራት ነበር። ወሬውን የሰሙ ተማሪዎች ሊያዩ ወጡ። ከጊዜ በኋላ ነገሩ ወደ ኮል ገባና ተማሪው በእኩለ ሌሊት አዳራሹን የሚሞላበት በዓል ሆነ። ዛሬ በመላ አሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች የውድድር ዘመኑን በእንዲህ ያለ ምሽት ይከፍታሉ፤ ድሪዜልም በ2024 በ92 ዓመቱ እስኪያርፍ ድረስ ስሙ ከዚህ ጋር ሲነሳ ኖሯል።

አዳራሹ የሜሪላንድ ብቻም አልነበረም። በኤፕሪል 1972፣ ፕሬዝዳንት ኒክሰን ቻይናን ጎብኝተው በተመለሱ በሁለተኛው ወር፣ የቻይና የጠረጴዛ ቴኒስ ተጫዋቾች እዚህ ወለል ላይ ተጫውተዋል። በ1974 ኤልቪስ ፕሪስሊ ዘፍኖበታል። በጃንዋሪ 1975 የሜሪላንድና የኢማኩላታ ኮሌጅ ሴቶች ቡድኖች እዚህ ሲገጥሙ፣ የሴቶች የኮሌጅ ቅርጫት ኳስ ለመጀመሪያ ጊዜ በሀገር አቀፍ ቴሌቪዥን ታየ።

እነዚህን ሁሉ በአንድ ወገን ላስቀምጣቸውና ወደ አንድ ምሽት ልመለስ፤ ማርች 19 ቀን 1966።

በዚያ ምሽት ኮል የሀገሪቱን የኮሌጆች ፍጻሜ ያስተናግድ ነበር። በአንድ በኩል ኬንታኪ፤ አሰልጣኙ ስመ ጥሩው አዶልፍ ራፕ፣ ተጫዋቾቹ ሁሉም ነጮች። በሌላ በኩል ከኤል ፓሶ የመጣው ቴክሳስ ዌስተርን፤ ብዙ ሰው ስሙን እንኳ በቅጡ የማያውቀው ቡድን። አሰልጣኙ ዶን ሃስኪንስ ጨዋታውን የሚጀምሩ አምስት ልጆች መረጠ፤ አምስቱም ጥቁሮች ናቸው። በፍጻሜ ጨዋታ እንዲህ ያለ ነገር ታይቶ አይታወቅም። በዚያ ምሽት ሃስኪንስ በጠቅላላው ያሰለፈው ሰባት ሰው ነው፤ ሰባቱም ጥቁሮች። በመጀመሪያው አጋማሽ ቦቢ ጆ ሂል የሚባል ቁመቱ አጠር ያለ፣ እጁ ፈጣን ልጅ ከኬንታኪ ተጫዋቾች ላይ በተከታታይ ሁለት ኳስ ነጥቆ ሁለቱንም አስቆጠረ። ከዚያ በኋላ ጨዋታው የቴክሳስ ዌስተርን ሆነ፤ 72 ለ65 ተፈጸመ።

ያሸነፈ ቡድን መሰላል ይቀርብለትና የቀለበቱን መረብ ቆርጦ ለመታሰቢያ ይወስዳል፤ የቆየ ልማድ ነው። ለእነዚህ ልጆች ግን መሰላል አልመጣላቸውም። ኔቪል ሼድ ዊሊ ዎርስሊን ትከሻው ላይ አወጣውና መረቡን እንዲሁ ቆረጡት። ይህን ታሪክ ባነበብኩ ቁጥር መሰላሉ ያንገበግበኛል። ዋንጫ ከመስጠት ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነገር ነው ይባል ይሆናል። እኔ ግን የዚያን ዘመን አሜሪካ ከዚህ በላይ የሚያሳይ ነገር የለም ባይ ነኝ።

በዚያው ክረምት፣ በዚሁ ወለል ላይ፣ ቢሊ ጆንስ የሚባል ተማሪ የሜሪላንድን መለያ ለብሶ ይጫወት ነበር። ሜሪላንድ ያኔ ትወዳደርበት በነበረው የዩኒቨርሲቲዎች ማኅበር፣ በአትላንቲክ ኮስት ኮንፈረንስ፣ ቅርጫት ኳስ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው እሱ ነው። የደቡብ ከተሞች ዩኒቨርሲቲዎች አዳራሽ ውስጥ ሲገባ ምን እንደሚጮህበት ለመገመት ብዙ ምርምር አያሻም። ስሙን ያዙልኝ፤ እመለስበታለሁ።

ደጋፊዎች ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው የሚያነሱት ስም ደግሞ ሌን ባያስ ነው። ያደገው ከዩኒቨርሲቲው ብዙም በማይርቀው ላንዶቨር ነው፤ የሰፈር ልጅ ማለት ነው። 34 ቁጥር ለብሶ ኮል ውስጥ ሲጫወት ያዩት፣ ሲዘልል አየር ላይ ይቆይ ነበር ይላሉ። በጁን 1986 ፕሮፌሽናሉ ቡድን ቦስተን ሴልቲክስ በአዲስ ተጫዋቾች ምርጫ በሁለተኛ ተራ መረጠው። ከሁለት ቀን በኋላ በኮኬይን ምክንያት ሕይወቱ አለፈ፤ ዕድሜው 22 ነበር። ለመታሰቢያው ሕዝቡ የተሰበሰበው ኮል ውስጥ ነው። ከጥቂት ወራት በፊት ስሙን እየጠሩ የጮኹለት ሰዎች፣ በዚያው ወንበር ላይ ተቀምጠው አለቀሱለት። ሰው ሠርጉንም ሐዘኑንም ባየበት ቤት ልቡ እንዴት እንደሚቀር እኛ ኢትዮጵያውያን እናውቃለን።

ከባያስ ሞት በኋላ ቡድኑ ብዙ ችግር አየ። በ1989 የመጣው አሰልጣኝ ጋሪ ዊሊያምስ ተማሪ ሳለ በዚሁ አዳራሽ የተጫወተ ሰው ነው። ጨዋታው እስኪያልቅ ሸሚዙ በላብ ይርስ ነበር፤ ሲቆጣ ዞሮ የሚጮኸው ወንበር ላይ በተቀመጡት ተጠባባቂዎች ላይ ነበር። ደጋፊው ይህን ሁሉ ወደደለት።

የዊሊያምስ ዘመን ደጋፊዎች ከድላቸው ይልቅ አጥብቀው የሚያስታውሱት አንድ ሽንፈት አለ። ጃንዋሪ 27 ቀን 2001፤ ባላንጣቸው ዱክ መጥቷል። አንድ ደቂቃ የማይሞላ ጊዜ ቀርቶ ሜሪላንድ በ10 ነጥብ ትመራለች። ሰው ተቃቅፎ መዝፈን ጀምሯል። የዱኩ ጄሰን ዊሊያምስ በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ደጋግሞ አስቆጠረ፤ ኳስ ነጥቆም አስቆጠረ፤ ጨዋታው ወደ ጭማሪ ደቂቃ ሄደና ዱክ 98 ለ96 አሸነፈ። ከዚያ በኋላ የሆነው አያስመካም። ከመቀመጫዎቹ ጠርሙስ ተወረወረ፤ ከዱክ ተጫዋቾች የአንዱ እናት ተመታች። ኮልን የምንወድ ሰዎች ይህንንም አብረን መናገር አለብን፤ ቅርበቱ ለፍቅር ብቻ ሳይሆን ለክፋትም ይመች ነበርና።

ቁጭቱ ዓመት ቆየ። ፌብሩዋሪ 17 ቀን 2002 ዱክ ተመልሶ መጣ። የመጀመሪያው አጋማሽ ሊያልቅ ሰከንዶች ሲቀሩ፣ ያው ጄሰን ዊሊያምስ ኳሷን እያነጠረ ወደ አሰልጣኙ ዘወር አለ። ዘወር ያለው ለቅጽበት ነው። ስቲቭ ብሌክ ከፊቱ ኳሷን ላፍ አድርጎ ብቻውን ሮጠና አስቆጠረ። እዚያ የነበረ ሰው ሁሉ ጣሪያው የሚነሳ መስሎት ነበር ይላል። ሜሪላንድ 87 ለ73 አሸነፈች።

ማርች 3 ቀን 2002 ቡድኑ ኮል ውስጥ የተጫወተበት የመጨረሻው ቀን ሆነ። ሜሪላንድ ቨርጂኒያን 112 ለ92 ረታች፤ በዚያ የውድድር ዘመን ኮል ውስጥ አንድም ጨዋታ አልተሸነፈችም። ጨዋታው አልቆ ሰው ወደ ቤቱ አልሄደም። ከየዘመኑ የመጡ የድሮ ተጫዋቾች ወለሉ ላይ ወጡ፤ ሽበታሞቹና ወጣቶቹ አንድ ላይ ቆሙ። ከአንድ ወር በኋላ አትላንታ ላይ ሜሪላንድ ኢንዲያናን 64 ለ52 አሸንፋ የሀገሪቱን ዋንጫ ለመጀመሪያ ጊዜ አነሳች። በዚያ ጨዋታ ኮከብ የሆነው የባልቲሞሩ ልጅ ሁዋን ዲክሰን ነበር። ዋንጫው የመጣው አዳራሹ በተሰናበተበት ዓመት ነው።

ቡድኑ ከኮል ወጥቶ የገባበት አዲሱ አዳራሽ ወደ 18,000 ሰው ይይዛል፤ ወንበሩ ሰፊ ነው፤ ገቢውም የተሻለ ነው። መሄዱ ስህተት ነበር አልልም፤ የዛሬ ዘመን ቡድን ያለ ገንዘብ አይቆምም። ነገር ግን ሁለቱንም ያዩ ሰዎች ቅርበቱ አብሮ አልተሻገረም ሲሉ አምናቸዋለሁ። ቅርበት በዕቃ መጫኛ መኪና ተጭኖ የሚሄድ ነገር አይደለም።

ዩኒቨርሲቲው ያደረገውን አንድ ነገር ግን ከልቤ አመሰግናለሁ። ኮልን አላፈረሰውም። ሌላ ቦታ እንዲህ ያለ አዳራሽ ፈርሶ የመኪና ማቆሚያ ሲሆን ስንት ጊዜ አይተናል! ኮል ግን ጣሪያው እንዳለ ውስጡ ታድሶ የአሜሪካን ፉትቦል ቡድን የቤት ውስጥ መለማመጃ ሆነ። ስሙም ተቀየረ፤ ዛሬ ጆንስ-ሂል ሃውስ ይባላል። ጆንስ ቅድም ስሙን ያዙልኝ ያልኳችሁ ቢሊ ጆንስ ነው። ሂል ደግሞ በ1963 በዚያው ኮንፈረንስ ፉትቦል የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር ሰው፣ ዳሪል ሂል ነው።

በዚያ አካባቢ የምትኖሩ አድማጮቻችን አንድ ቅዳሜ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ብቅ በሉ፤ በሩ ላይ ያሉት ሁለት ስሞች የማን እንደሆኑም ንገሯቸው። ኮሌጅ ፓርክ የተማራችሁ፣ ኮል ውስጥ ጋዜጣ ያራገባችሁ ካላችሁ ደግሞ ደውሉልን ወይም ጻፉልን። የት እንደተቀመጣችሁና አጠገባችሁ ማን እንደነበር አጫውቱን፤ በሚቀጥለው ዝግጅታችን በስማችሁ እናነበዋለን።