ከመጣሁ አይቀር እኔንም ለኪኝ

ልጆቼ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ተመራቂዎች፤ የግራና አገር ፀሐይ ረጅም ንግግር አይወድም።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ በ1995 ዓ.ም. ሲጀመር ፓኬጆቹ 16 ነበሩ፤ መጸዳጃ፣ ክትባት፣ ወባ፣ የእናቶች ጤና እያሉ ይሄዳሉ። ኋላ የደም ግፊቱም የአእምሮ ጤናውም ተጨመረ። እሱን ከእኔ ይልቅ እናንተ ታውቁታላችሁ። እኔ የመጣሁት በር ስታንኳኩ ስለምትከፍትላችሁ ሴት ልናገር ነው።

የእኛን ቤት በር የምትከፍተው ታላቅ እህቴ እትዬ ነበረች። አባታችን አንድ ሌሊት ግማሽ ጎኑ አልታዘዝ ሲለው እሷ ሰባተኛ ክፍል፣ እኔ አራተኛ ክፍል ነበርን። ማን ቤት ይቅር ተብሎ አልተመከረም። እሷ ደብተሯን አስቀመጠች፤ እኔ ተማርኩ፣ ደሴም ሄድኩ። ክረምት ስመለስ አገሩ ሁሉ «አባትህን እንዴት አገኘኸው?» ይለኛል። እትዬን እንዴት እንዳገኘኋት የሚጠይቅ የለም። እኔም አልጠየቅኋትም።

አስራ አንድ ዓመት አስታመመችው። ታጥበዋለች፣ ታጎርሰዋለች፣ ሌሊት ሲቃዥ ትነሳለታለች፤ በየወሩ መድኃኒቱን ልታመጣ በእግሯ ጤና ጣቢያ ትሄዳለች። አንድ ቀን እዚያ አዲስ የተመደበች ልጅ የአባታችንን ካርድ ስታገላብጥ እትዬ ለቀልድ «ከመጣሁ አይቀር እኔንም ለኪኝ» አለቻት። ልጅቷ ለካች። ዝም አለች። ክንድ ቀይራ ደገመች። መሣሪያው ተበላሽቶ ይሆናል ብላ የራሷን ክንድ ለካችበት። መሣሪያው ደህና ነው። የእትዬ ግፊት 190 በ110፤ ከበሽተኛው ከአባታችን ይበልጣል! «ራስሽን አያምሽም?» ስትላት «የእንቅልፍ እጦት ነው እያልኩ ነዋ» አለች። ስንት ዓመት በዚያ በር ገብታ ወጥታለች!

ያቺ ልጅ ሕክምና አስጀምራት ብቻ አልተወቻትም፤ ቤት ድረስ መጥታ አባታችንን በአንሶላ ስባ ማገላበጥን አሳየቻት። ጉልበት አጠፍ፣ ወገብ ቀጥ። ሩብ ሰዓት አልፈጀም። እህቴን ወገቧን የቆረጣት የዚያ የሩብ ሰዓት ትምህርት ማጣት ነበር።

አሁን የምታውቁኝ «ሊጀምር ነው» በሉ፤ ወደ ቅሬው፣ ወደ እድራችን መጣሁ። አባታችን ሲሞት ቅሬው ድንኳን ተከለ፣ ቃሬዛ ተሸከመ፣ ውሃ ቀዳ፣ የቀረውን ቀጣ። ሦስት ቀን ቤታችን ሰው ሞላው። እትዬ በአስራ አንድ ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ እንቅልፍ የጠገበችው በለቅሶው ሰሞን ነው። ለሬሳ ተራ የሚያወጣ ቅሬ፣ በሳምንት አንድ ከሰዓት ለአስታማሚ ተራ ማውጣት ያቅተዋል? ለአጨዳ ወንፈል እንገባ የለም እንዴ? ለሰብሳቢያችን ስንቴ ነገርኳቸው፤ «ደንቡ ላይ የለም» ይሉኛል። እዚህ ተቀምጠዋል፤ ጋሼ፣ አያቀርቅሩ! ደንቡን የጻፍነው እኛው ነን።

በ2014ቱ ጦርነት የአካባቢያችን ጤና ተቋማት ሲዘረፉ፣ ሕሙማኑን ተሸክመው የቆዩት እንደ እትዬ ያሉ አስታማሚ ሴቶች ናቸው። የጤና መድኅኑም ቢሆን የታማሚውን ሕክምና እንጂ የአስታማሚዋን የባከነ ቀን አይከፍልም። በእንግሊዝ አገር የሰፈር ሐኪም ቤቶች አስታማሚዎችን ይመዘግባሉ፤ የኢንፍሉዌንዛ ክትባትም በነጻ ይሰጣቸዋል። የእነሱ ገንዘብ የለንም፤ እርሳስ ግን አለን። የቤተሰብ ፎልደሩን ስትከፍቱ፣ የተኛ ሰው ባለበት ቤት «አስታማሚዋ ማን ናት?» ብላችሁ ጻፉበት። ግፊቷን ለኩ። ትተኛ እንደሆነ፣ ትበላ እንደሆነ ጠይቁ። ሆድ ብሷት ከሰው ከራቀች ወደ ጤና ጣቢያው ይዛችኋት ሂዱ።

ወንድሞችም ስልካችሁን አስቀምጡና ስሙኝ። እኔም ከደሴ ብር እልክ ነበር። ብሩ ሌሊት አይነሳም።

እትዬ እዚያ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ «ምን ነካው» እያለች ነው። ባለፈው ወር መድኃኒቷን አልወሰደችም፤ የጎረቤት አራስ ሳርስ ነበር ትላለች። ከፎቶው በፊት አንዳችሁ ለኩልኝ።