ከመውረጃው ጀምሩ

እሑድ ወደ መናገሻ ሱባ ደን ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ፣ አንድ ሐሳብ እናካፍላችሁ። ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ከወፍ ዋሻ ደን ዘር አስመጥተው እንዳስተከሉት በሚነገርለት የጽድ ደን ውስጥ፣ ጉሬዛው ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ሲዘል እያያችሁ ትወጣላችሁ። ከፍ ስትሉ ጽዱ ቦታውን ለአስታ ይለቃል፤ 3,385 ሜትር ላይ የወጨጫ ተራራ ጫፍ ነው፤ ሜዳው ከእግር ሥር ይዘረጋል።

ታዲያ ዕቅዳችሁ ከመውረጃው ይጀምር። ፀሐይ ከምሽቱ 12 ሰዓት ገደማ ትጠልቃለች፤ ጫካ ውስጥ ደግሞ ቀድሞ ይጨልማል። ስለዚህ ገና ሳትነሡ “ከቀኑ 7 ሰዓት ሲሆን የትም ብንደርስ እንመለሳለን” ተባባሉ። ውሃ፣ ቆሎና የዝናብ ልብስ ያዙ። ጉልበት የሚፈተነው ቁልቁለት ላይ ነውና አቅማችሁን ሽቅብ አትጨርሱት። ሰዓቱ ከደረሰ ተመለሱ፤ ተራራው ለሌላ እሑድም አለ።