ከዎል ስትሪት ወደ ቢትኮይን ገበያ
ሳም ባንክማን-ፍሪድ እ.ኤ.አ. በ2017 ጄን ስትሪት ከተባለው የኒውዮርክ የፋይናንስ ድርጅት ለቅቆ ወደ ክሪፕቶከረንሲ፣ ማለትም ማዕከላዊ ባንክ ሳያወጣው በኮምፒውተር መረብ ወደሚመዘገበው ዲጂታል ገንዘብ ሲገባ፣ ይዞት የሄደው ዋነኛ ሙያ አርቢትራጅ ነበር፤ ይህም ከረከሰበት ገበያ ገዝቶ በተወደደበት መሸጥ ነው። ከዲጂታል ገንዘቦቹ አንዱ የሆነው ቢትኮይን በጃፓን ከአሜሪካ ይልቅ ውድ ስለነበር፣ አላሜዳ ሪሰርች የተባለው ድርጅቱ በዶላር ገዝቶ በየን ይሸጥ ነበር፤ አድካሚው ታዲያ ግብይቱ ሳይሆን፣ የኑን በባንክ በኩል ወደ ዶላር መንዝሮ በቶሎ መመለሱ ነበር። ሙያው አብሮት ቢሻገርም፣ በትልልቅ ድርጅቶች ዘንድ ነጋዴውን የሚገታው የሒሳብና የሥጋት ቁጥጥር አብሮት አልተሻገረም፤ ትልቁ ጉድለትም ይኸው ነው። በ2019 የመሠረተው ኤፍቲኤክስ የተባለው መገበያያ የደንበኞቹን ገንዘብ ለአላሜዳ አሳልፎ በመስጠቱ በ2022 ሲከስር፣ መሥራቹ በማጭበርበር ጥፋተኛ ተብሎ በ2024 የ25 ዓመት እስራት ተፈርዶበታል።