የአዳራሻችን ዓሣዎችና አልለቅ ያለው አልጌ
(በእድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የተደረገ ንግግር)



ሟች አባላችን ለአዳራሹ የተዉልን የዓሣ ገንዳ መስታወቱ በአልጌ ተሸፍኖ፣ ዓሣዎቹ አልታይ እንዳሉ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ገሚሱ መድኃኒት ይገዛ፣ ገሚሱ ደግሞ ገንዳው ለሌላ ይሰጥ ሲል ቆይቷል። የሟች ልጆች ግን ዛሬም እየመጡ ያዩታል። ስለዚህ ገንዳውን እንድንከታተል የተመደብነው ሦስት አባሎች የደረስንበትን እንነግራችኋለን።

ዓሣዎቹ ምቡና ይባላሉ፤ አገራቸው የማላዊ ሐይቅ ነው። ወገናቸው ሲክሊድ ሲሆን፣ የኛው ቆሮሶም ከዚሁ ወገን ነው። ምቡና በሐይቁ ቋጥኝ ላይ የበቀለውን አልጌ በጥርሱ እየፋቀ ይኖራል። እንግዲህ አልጌ ለነሱ ግጦሽ ነው ማለት ነው። ድንጋዩ ላይ ያለውን መተው፣ መስታወቱ ላይ ያለውን ብቻ መፋቅ ይበቃል።

ታዲያ ለምን ከልክ በላይ በዛ? አልጌ የሚያድገው በብርሃንና በምግብ ነው። ምግቡ ደግሞ ከዓሣው ኩስና ከተረፈው ቀለብ የሚወጣው ናይትሬትና ፎስፌት ነው። ፍግ በበዛበት ጓሮ አረም እንደሚበዛ ሁሉ ማለት ነው።

መድኃኒቱን ያልደገፍነው ስለዚህ ነው። ከነዚህ መድኃኒቶች ብዙዎቹ መዳብ አለባቸው፤ መዳብ ቀንድ አውጣን ይገድላል፣ ከበዛም ዓሣውን ይጎዳል። ደግሞም የሞተው አልጌ እዚያው ሲበሰብስ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፤ ለሚቀጥለው አልጌም ፍግ ይሆናል። በረኪናማ ጨርሶ አይታሰብ! የእድሩም ገንዘብ ለሐዘን የተዋጣ ነው።

ያለ ወጪ የሚሠራው እንዲህ ነው፦

አንደኛ፣ ብርሃን። ገንዳው የጠዋት ፀሐይ ከሚመታው መስኮት ሥር መነሳት አለበት። መብራቱም በቀን ከ6 እስከ 8 ሰዓት ብቻ ይብራ።

ሁለተኛ፣ ቀለብ። እዚህ ላይ ሁላችንም አለንበት። ለቅሶ የመጣ እንግዳ ዳቦ ይጥላል፣ ልጆች ቆሎ ይጥላሉ። ከእንግዲህ አንድ ሰው ብቻ ያብላ፤ በሁለት ደቂቃ ውስጥ የሚያልቅ፣ ከአትክልት የተሠራ ቀለብ ይበቃል። በሳምንት አንድ ቀን ቢጾሙ አይጎዳቸውም፤ ያን ቀን ድንጋዩን ይግጣሉ።

ሦስተኛ፣ ውሃ። በየሳምንቱ ሩቡን ያህል፣ ከሥር ያለውን ቆሻሻ በጎማ እየሳቡ መቀየር ነው። የቧንቧው ውሃ ክሎሪኑ እንዲተን ክፍት ባልዲ ውስጥ ይደር። ሁሉንም ውሃ ባንድ ጊዜ መድፋት ግን ዓሣውን ያስደነግጣል።

አራተኛ፣ ማጣሪያ። ስፖንጁ በቧንቧ ውሃ አይታጠብ። በውስጡ የዓሣውን መርዝ ወደ ናይትሬት የሚለውጡ ባክቴሪያዎች አሉ፤ ክሎሪን ይገድላቸዋል። ከገንዳው በተቀዳ ውሃ ማለቅለቅ ይበቃል።

አምስተኛ፣ ረዳት። በየሳሎኑ እንደ ሐረግ የሚሳበውን ፖቶስ ቆርጦ፣ ሥሩን ማጣሪያው ሣጥን ውስጥ፣ ቅጠሉን ከውሃው በላይ ማድረግ ነው። ናይትሬቱን ለራሱ ይወስደዋል። ቁራጩም አይጠፋም።

ሰማያዊ መሳይ፣ የሚያዳልጥና የሚሸት ልባስ ካያችሁ ግን እሱ አልጌ ሳይሆን ባክቴሪያ ነው። በጎማ ስቦ ማውጣት፣ ከዚያም ገንዳውን ሦስት ቀን በጨርቅ ሸፍኖ ማጨለም ነው። የአየር ፓምፑ ግን አይቋረጥ።

ማጣሪያውን በደንቡ መያዝና ውሃውን መቀየር ከጀመርን ሁለት ወር ሆነን። የፊት መስታወቱ ጠርቷል፤ ሰማያዊውንም ቢጫውንም ዓሣ ከበሩ ሆኖ ማየት ይቻላል። የጎኑ አልጌ ግን ገና አለ፤ መስኮቱና ዳቦው እስካሉ ድረስ አይለቅም። አባቶች “ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ” ያሉት እውነት ነው።

ስለዚህ ጉባኤውን የምንለምነው ሦስት ነገር ነው፦ ገንዳውን ከመስኮቱ የሚያነሱ አራት ጉልበተኞች፣ አንድ አብዪ፣ ደግሞም ዳቦ ያለመጣል ስምምነት። ሟች የተዉልንን አደራ ለልጆቻቸው ዓይን ጥሩ አድርገን ብንይዘው፣ ይህም ከእድር ሥራ አንዱ ነው።